ሦስት ጣት ርቀት

ቆቦ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይረዲን አሊ፤ ባቱ

አሰላሙ አለይኩም ኸይሩ። ሰላምታ ማሳጠር እንደማልችል ታውቃለህ። አንተ ደህና፣ ሚስትህ ፈሪሀ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ የምትሠራበት የአትክልት እርሻም ደህና ይሁን። እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ገበያው ውስጥ ቲማቲሜንና ቃሪያዬን እየሸጥኩ አለሁ። አባም ደህና ነው። ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጫጅ እየጠበቀ ነው።

ሹፌሩ ደጀን የላክኸውን አድርሶልኛል። ሽንኩርት ሊጭን ሮቢት መጥቶ ነበር፤ አይሱዙውን አስፋልት ዳር አቁሞ ጉልቴ ድረስ መጣልኝ። ደብዳቤህንም፣ በኪኒን ብልቃጥ ያለውን ዘርም ተቀብያለሁ። ለምን በስልክ አናወራም ላልከው፣ ወንድሜ፣ ቤታችን ያቺው አንድ ክፍል ናት። ስልክ ሲጮህ አባ ከእኔ ቀድሞ "ማነው?" ይላል። ያንተን ስም እዚህ ቤት እንዳላነሳ ከከለከለኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ውጭ ወጥቼ ላውራ ብል ደግሞ ኔትወርኩ የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ስለሆነ ግማሹ ቆቦ ይሰማኛል። ደብዳቤ ይሻላል። አንብቤ በርበሬ ጣሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ሆዱን እያቃጠለው በርበሬ ካቆመ ወዲህ ያንን ጣሳ ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም።

ስሜን ያነሳል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አያነሳም። ልዋሽህ አልፈልግም። አንዳንድ ቀን ከባዶው በረት አጠገብ ቆሞ አየዋለሁ። ቡሬና ዳማ የሚታሰሩበት ካስማ አሁንም እንደተተከለ ነው፤ "ልንቀለው?" ብለው "ተዪው" አለኝ። በጦርነቱ የሸሸን ጊዜ በሬዎቹን ጎብዬ ወስደህ ባትሸጣቸው መኪና እንደማናገኝ፣ እሱም "በሬዎቼን ጥዬ የትም አልሄድም" ብሎ እዚሁ ይቀር እንደነበር ነግሬዋለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ "ሳይጠይቀኝ።" መቼስ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ በረቱን ባዶ ማግኘቱ አልወጣለትም። ከዚያም ከስደት ስንመለስ ያልሸሹት ጎረቤቶች በሬዎች ቆመው ሲያመነዥጉ አየ። ያን ዕለት ነው "ከዚህ ልጅ እጅ እህል አልበላም፣ ውሃ አልጠጣም፣ ወላሂ" ብሎ የማለብህ። አንተም ሻንጣህን ይዘህ የወጣኸው ያን ዕለት ነው። ሳይፈታው አንድ ነገር ከሆነ መሓላው ካንተ ጋር ይቀራል። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

ዘሩን አሲያ አይታው "ይኼማ ፍጅል ነው" አለች። አሲያ ጎረቤታችን፣ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣችው። አረቦቹ ከነቅጠሉ ከሩዝ ጎን አድርገው ይበሉታል አለችኝ። አንተ ደግሞ ራዲሽ ብለህ ጽፈሃል። ሁለታችሁም በየአገራችሁ ጥሩት፤ ለእኔ ፍጅል ነው። ለአባም የአሲያ ዘር ነው ብዬዋለሁ። እህል አልጥም እንዳለው ስለጻፍኩልህ ምላሱን የሚያነቃ ነገር ፈልገህ እንደላክኸው አውቄብሃለሁ። ሳያውቅ ቢበላው መሓላውም አይነካ፣ የአንተም ልብ ትረፍ።

ጓሮው ላይ እንደ ሽንኩርት ችግኝ መደብ ሠርቼ ጥቅጥቅ አድርጌ ዘራሁት። በቅሏል፣ ማሻአላህ። በሚቀጥለው ሳምንት ነቅዬ በመስመር አዛውረዋለሁ።

እህትህ ራቢዓ


ባቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ራቢ፣

እኔም ቤተሰቤም ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ። ደጀን ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ አስቸኳዩን ላስቀድም።

አታዛውሪው። ፍጅል ሽንኩርት አይደለም። የሚበላው ሥሩ ነው፤ ችግኙ አንዴ ከተነቀለ ሥሩ ይጣመማል፣ ይከፋፈላል፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንም። እዚያው በሚያድግበት ቦታ በመስመር ነው የሚዘራው። አፈሩን አልስልሺው፣ ጠጠሩን ልቀሚ፣ ዘሩን ግማሽ ጣት ያህል አስገቢው። ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል፤ ከተጠማ በጣም ያቃጥላል። በቅሎ ቅጠሉ ጠንከር ሲል ደግሞ ማሳሳት አለ። አንዱ ከአንዱ ሦስት ጣት ይራቅ፤ መሀል የገባውን ንቀይው። አንቺን ስለማውቅሽ ነው፣ ጨክነሽ ንቀይ። ሳይሳሳ የቀረ ፍጅል ቅጠል ብቻ ነው፤ ሥር አይቋጥርም። ወር ሲሞላው ትንሽ ሎሚ ያክላል፤ ያኔ ብሉት። ይደግልኝ ብለሽ ካቆየሽው እንጨት ይሆናል።

ለምን ራስህ አትመጣም ብለሽ በደጀን ልከሽብኛል። መጥቼ ምን ላድርግ? ውሃ ቀድቼ ስሰጠው ፊቱን ሲያዞርብኝ ልይ? ያንን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ዘሩን የአሲያ ነው ማለትሽን ግን አልወደድኩትም። በሬዎቹን ከጀርባው ሸጥኩ። አሁን ደግሞ ከጀርባው ላበላው አልፈልግም። አውቆ ከበላ ይብላ፤ አውቆ ከተወው ይተወው። እኔ ነኝ የላክሁት በይው። ቀኑን አንቺ ምረጪ።

ኸይረዲን


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኸይሩ፣ እንደምን ከርመሃል? ምክርህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። የደጀን መኪና ተበላሽቶ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ያንን ሁሉ ፍጅል ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አዛውሬ፣ ወገቤን ይዤ ቀና ብዬ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ውሃ አጠጣሁት። ስነቅለው አንዱ እንደ ሱሪ ሁለት እግር አውጥቷል፤ አንዱ እንደ አሮጊት እግር ጣት ተጣሟል፤ የቀረው ክር ነው። አሲያ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ፍየሏ ግን አልሳቀችም፣ ከነሥሩ በላችው። በቆቦ ምድር ሽንኩርት የማያዛውር የለም፤ ምን ላድርግ? እጄ የለመደውን ነው የሠራው።

ደግነቱ ግማሹን ዘር አስቀርቼ ነበር። የገበሬ ልጅ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ቀን አይዘራም። ኅዳር 30 እንዳልከው አድርጌ በአራት መስመር ዘራሁት። በአራተኛው ቀን አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። አባ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። "እንደ ፊተኛው በመደብ አይደለም እንዴ?" አለኝ። "አይደለም አሉ" አልኩት። "እነማን ናቸው ያሉት?" ሲለኝ ውሃ ልቀዳ ብዬ ሄድኩ።

ማሳሳት የምትለውን ግን እርሳው። አላህ ያበቀለውን ነቅዬ አልጥልም። እንደተፋፈገ ይደግ።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። በደጀን እጅ የላክኸውን ቁራጭ ወረቀት ቆሜ ነው ያነበብኳት። ደጀን ምላሱ አያድርለትም፤ እንዳይነግርህ ለምኜው ነበር። አዎ፣ አባን በጥቅምት ወር ወልድያ ወስጄዋለሁ። ሦስት ቀን ተኝቷል። ጨጓራው ቆስሏል አሉኝ። ሆዱ ባዶ እንዳይሆን፣ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ እንዲበላ ነገሩን። ጾምም ከልክለውታል፤ ለረመዳንም ሳትጠይቁን አይጹም ብለዋል። መድኃኒቱን ይወስዳል። የሚበላው ግን የወፍ ነው፤ ቀበቶው ላይ በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በስቼለታለሁ። የደበቅሁህ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው። እዚያ ሩቅ ሆነህ ብትሰማ ከመብሰልሰል በቀር ምን ታደርጋለህ? ጥፋት ከሆነ አውፍ በለኝ።

ሌላም የሸሸግሁት አለ፤ ዛሬ ላውጣው። ከጀርባው ሸጥኩ ብለህ ጻፍክ፤ እኔም አለሁበት። የጓሮውን በር የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። በሬዎቹ እንዳያገሱ አገዳ እያቀረብኩ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። መኪናውም ላይ ተሳፍሬበታለሁ። አባ ሲምልብህ ግን ግድግዳ ተደግፌ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም እንዳልኩ ነኝ። አንተም አንድ ቀን እንኳ "እሷም ነበረችበት" አላልክም። ይኼ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለ ዘሩ ነገርሽው ወይ ላልከው፣ ገና ነው። ፍጅሉ ሲደርስ ሳህን ላይ አቅርቤ እነግረዋለሁ። ቃሌ ነው።

ራቢዓ


ባቱ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ስለ ወልድያው ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ። ተኝቶ ሳለ እኔ እዚህ ለሠራተኛ ስስቅ ነበር። እሱን ሳስብ ያናድደኛል። ይኼን ካልኩ ሌላ አልጨምርም።

ስለ በሩ አትጨነቂ። አንድ ቤት አንድ መሓላ ይበቃዋል። አንቺ ላይም ቢምል ኖሮ ማን ያበስልለት ነበር?

ጎብዬ የሆነውን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ዳማ አላስቸገረኝም፤ እንደተነዳ ሄደ። ቡሬ ግን ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ጎተትኩት፣ ገፋሁት፣ አልንቀሳቀስ አለ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከኋላ መኪና ይነፋል። በመጨረሻ የአባን ድምፅ አስመስዬ ጠራሁት። "ና ቡሬ፣ ና አባ" አልኩት፣ ልክ አባ እርሻ ላይ እንደሚለው። ጆሮውን ቀሰረና ተከተለኝ። አባ የሚያውቀው በሬዎቹን መሸጤን ነው። እኔን የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

የገዛው ሰውዬ የራሱን ገመድ ይዞ ስለመጣ የቡሬ ገመድ እጄ ላይ ቀረች። እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ ናት። ፈሪሀ ለልብስ ማስጫ ልትወስዳት ስትል ተቆጣኋት፤ ለምን እንደተቆጣሁ ግን አልነገርኳትም።

ፍጅሉን ማሳሳት አለብሽ። ጊዜው እያለፈ ነው። የበቀለን መንቀል ኃጢአት አይደለም፤ ሁሉንም ላድን ብለሽ ሁሉንም እንዳታጪ። ሦስት ጣት።

ኸይረዲን


ቆቦ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኸይሩ፣

አስፋልት ላይ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ኔትወርክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ስለዚህ ይኼን ለደጀን ሰጠሁት። ሌላ ቦታ ሳይቆም እንዲያደርስልህ በልጆቹ አስምዬዋለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ፍጅሉን እኔ አላሳሳሁትም። ግን ሳስቷል። ማን እንዳሳሳው አላህ ይወቅ። ከገበያ ስመለስ አንድ ቀን አንደኛው መስመር ሳስቶ አገኘሁት፤ በማግስቱ ሁለተኛው። የአሲያ ፍየል ነው ብዬ ከአሲያ ጋር ተጣላሁ። በኋላ ሳየው ፍየል እንዲህ አትበላም። ፍየል ቅጠሉን ትገነጥላለች እንጂ እየዘለለች አትነቅልም። ጣቴን አስገብቼ ለካሁት፤ ከዚህ እስከዚህ ሦስት ጣት ነው። አራተኛው መስመር ብቻ እንደተፋፈገ ቀርቷል። አሲያ "ጂን ነው፣ ቁርኣን አስቀሪበት" አለች። ምን ጂን ነው ገበሬ የሚሆነው አልኳትና ተውኩት። የሳሳው ደግሞ እንዳልከው ሎሚ ሎሚ አክሎ፣ ትከሻው ከአፈር ወጥቶ ቀላ። አምሮ ነበር።

አርብ ዕለት ቃሌን ጠበቅሁ። ስድስቱን ነቅዬ አጥቤ፣ ጨው ነስንሼ፣ ሳህን ላይ አድርጌ ፊቱ አስቀመጥኩለት። "አባ፣ ዘሩ የአሲያ አይደለም። ኸይሩ ነው የላከው" አልኩት። በሦስት ዓመት ስምህን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሳህኑን አየው። እኔን አየኝ። "ሰምቻለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዱንም አልነካም። ሳህኑን ይዤ ወጥቼ አለቀስኩ።

ይባስ ብሎ ከቅዳሜ ጀምሮ ምሳውን ትቷል። ጠዋት ሸፍኜለት እሄዳለሁ፤ ከገበያ ስመለስ እንደሸፈንኩት አገኘዋለሁ። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ማታ ላይ እንደ ልማዱ ትንሽ ይቀምሳል፤ እሱንም እኔን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል። ሆድህ ባዶ እንዳይሆን ተብለሃል ስለው "አብሽሪ" ይለኛል። ወልድያ ልውሰድህ ብለው አልሄድም አለ። ልቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስምህን ባልጠራ፣ የአሲያ ነው ብዬ ባበላው ኖሮ ይኼ አይመጣም ነበር። አንተ ነህ ንገሪው ያልከኝ፤ ግን አልፈርድብህም።

ኸይሩ፣ ና። መሓላውን ካልፈታ እንኳ በዓይኑ ይይህ።

ራቢዓ


ባቱ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ራቢ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ስልክሽ አሁንም አይሠራም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ለሚመጣው ሳምንት ሰጥተውኛል። ደጀን ዛሬ ወደ እናንተ ይወጣል፤ ሽንኩርቱን ጭኖ ሲመለስ መልስሽን ያመጣልኛል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ጉዞው አብሬው እሳፈራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስደርስ ልግባ ወይስ ደጅ ላይ ቆሜ "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ልመለስ? መግባቴ የሚያሳምመው ከሆነ አልገባም። አስፋልቱ ማዶ ካለው ግራር ሥር እቆማለሁ፤ አንቺ አባን ወደ ደጅ አውጥተሽ ድንጋዩ ላይ አስቀምጪልኝ። ከሩቅ ባየውም ይበቃኛል።

ፍጅሉን ለጎረቤት ስጪው። እሱን ይብላ ብዬ ደግሜ አላስቸግረውም።

ኸይረዲን


ቆቦ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኸይሩ፣ አብሽር። ከሁሉ በፊት አብሽር። አባ እየበላ ነው።

ያንን ደብዳቤ ለደጀን በሰጠሁ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ገበያ መቆም አቃተኝ። ቲማቲሙን ለአሲያ ትቼላት በቀትር ወደ ቤት ሄድኩ። ምሳው እንደተሸፈነ ነው፤ አባ የለም። ጓሮ ስወጣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከዘራውን አጠገቡ ጥሎ፣ ከሳሳው የፍጅል መስመር ላይ ነው። ሦስት ጣቱን አፈር ላይ እያስቀመጠ ይለካል፤ መሀል ሳትነቀል የቀረችውን ይነቅላል፤ ጋቢው ጫፍ ላይ ይቋጥራል። ጂኑ እሱ ነው።

"አባ፣ ምሳህን ሳትበላ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። ቀና ሳይል "ጾመኛ ነኝ፣ አታስለፍልፊኝ" አለኝ። ጾም ተከልክለሃል ብዬ ጮህኩበት። ወላሂ፣ በሕይወቴ አባ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። "ዛሬ ያልቃል" አለኝ። ምን እንደሚያልቅ አልገባኝም ነበር።

መግሪብ ሲል ጋቢውን ፈታ። ፍጅሎቹን ራሱ አጠባቸው። በተምር አፈጠረና ዓይኔ እያየ አንዱን ፍጅል ከነቅጠሉ ነክሶ አላመጠ። "ያቃጥላል" አለ። ሁለተኛውን አነሳ። ከዚያ ሾርባውን ጨርሶ "ሌላ የለም?" አለኝ። ይኼን ቃል ከሰማሁ ስንት ወር ሆነኝ መሰለህ። ወደ ማድቤት ገብቼ እንደገና አለቀስኩ፤ በዚህ ሰሞን ለቅሶ አላልቅ ብሎኛል። ለጤናው ብለህ አትስጋ፣ በማግስቱ ጎትቼ ወልድያ ወስጄዋለሁ፤ ተቆጡት፣ ግን ደህና ነው አሉኝ።

ቀሪውን እሱ ይነግርሃል። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት የጻፈው ራሱ ነው። እንዳላነበው በዱቄት ሙጫ አሽጎታል። ያንተን ደብዳቤ ሁሉ ከጣሳው እያወጣ ማንበቡን ዛሬ ነገረኝ፤ የራሱን ግን ያሽጋል።

ራቢዓ


ቆቦ፣ ጥር 12 ቀን 2017

ለኸይረዲን

አባትህ አሊ ነኝ። ፊደሉ ቢጣመም አትፍረድብኝ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው።

እህትህ በርበሬ ከለከለችኝ። በኅዳር ማለቂያ ላይ እሷ ገበያ ስትሄድ ትንሽ ልሰርቅ ጣሳውን ከፈትኩ። ደብዳቤህን አገኘሁ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አነበብኩት። "ከጀርባው ላበላው አልፈልግም" የምትለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ደጀን በመጣ ቁጥር ጣሳውን እከፍት ነበር። በርበሬውንም እቀምስ ነበር፤ ይኼን ለእሷ አትንገር።

ማሳሳቱን እንደጻፍከው ነው የሠራሁት። ራቢዓ አትጨክንም፤ እናቷም እንዲያ ነበረች። ጣቴ ከጣትህ ስለሚወፍር ትንሽ ሰፍቶ ይሆናል። የነቀልኩትን መጀመሪያ ለአሲያ ፍየል ሰጠሁ። ጎብዬ ድልድይ ላይ የሆነውን ያነበብኩ ቀን ግን አንዷን አጥቤ በላሁ። የማን እንደሆነች አውቄ ነው የበላሁት። ዘር እንጂ ምግብ አይደለም የሚል ራሱን ያታልላል። እኔ ገበሬ ነኝ። ዘር የሰጠ እጅ አብልቷል።

ስለዚህ መሓላዬ ፈረሰ። መስጂድ ሄጄ ሼኹን ጠየቅሁ። ከማለበት የተሻለ ነገር ያየ ሰው የተሻለውን ይሥራ፣ ለመሓላው ደግሞ ከፋራ ይክፈል አሉኝ። አሥር ሚስኪን ማብላት ነው፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። አሥር ሰው የማበላበት የለኝም። ሐኪም መከልከሉን ለሼኹ አልነገርኳቸውም፤ ቢሰሙ አይፈቅዱልኝም ነበር። አርብ ዕለት እህትህ ሳህኑን ስታቀርብልኝ ዝም ያልኳት ከማግስቱ የምጀምረውን ጾም ሳልጨርስ ምንም አልናገርም ብዬ ነው። አስለቀስኳት። ጥፋቴ ነው።

የጓሮውን በር እሷ መክፈቷን ያኔም አውቀዋለሁ። ያ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። እሷ ላይ ያልማልኩት አንተ ባልከው ምክንያት ነው፤ በረሃብ መሞት አልፈለግሁም።

የበሬዎቹን ነገር ግን ይቅር አላልኩህም። ቡሬን በድምፄ ጠርተህ መውሰድህን ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም። ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር፤ እምቢ ብዬም ሁላችንም እዚህ እንቀር ነበር። ይኼንንም አውቃለሁ። ቢሆንም መጠየቅ ነበረብህ። ስትመጣ እጮህብሃለሁ። ተቀምጠህ ትሰማኛለህ። አንተም ያለህን ትናገራለህ። ከዚያ ያበቃል።

ገመዷን ይዘህ ና። የአሲያ ፍየል ጣዕሙን ለምዳ ከጓሮው አልወጣም ብላለች፤ ማሰሪያ የለኝም። ዘርም ጨምረህ አምጣ። ራቢዓ አራት መስመር ዘርታ ነበር፤ ሦስቱን አሳስቼ በልተናቸዋል። አራተኛውን አልነካሁትም፣ ተፋፍጎ ቅጠል ብቻ ሆኗል። እሱን ነቅለህ ቦታውን አንተ ትዘራለህ። መስመር ቀጥ አድርገህ ማውጣት ትችል እንደሆነ አያለሁ።

ግራር ሥር ልቁም ወይስ ልግባ ብለሃል። የግራር ሥር ሰው አይደለህም። ግባ። ጀሪካኑ ድሮ በነበረበት ነው ያለው። እጅህን ታጠብና ውሃ ቅዳልኝ፤ እጠጣለሁ።

አባትህ አሊ